አኩፓንክቸርና ስቴም ሴል፦ ጅማቱ የተጎዳ ሰው ከመሄዱ በፊት፣ እዛ ሲደርስና ከተመለሰ በኋላ ምን ያድርግ

ደሴ የሚኖር ሰው ተረከዙን ሲያመው ከተማው ራሱ ይከብደዋል፣ ወደ ላይ ስትወጣ ያምሃል ወደ ታች ስትወርድ ይብሳል፣ ጦሳ ተራራ ስር ሜዳ ፈልገህ ነው የምታገኘው። እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ደሴ ነው የምኖረው፣ በሳምንት ሁለት ቀን ደሞ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ እሰራለሁ፣ እና በሁለቱም ከተማ ከወገብ ቀጥሎ ብዙ የማየው የተረከዝ ጅማት ነው። ደሴ ላይ ዳገቱ፣ ኮምቦልቻ ላይ ደሞ ቀኑን ሙሉ ቆሞ መስራቱ።

ሰሞኑን ታካሚዎቼ አንድ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። የመጀመሪያዋ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሰራ ልጅ ነበረች፣ ስልኳን አውጥታ ቪዲዮ አሳየችኝ፣ "ዶክተርዬ ይሄ መርፌ ስቴም ሴል ይቀሰቅሳል፣ የተበጠሰ ጅማት ይሰራል ይላል፣ ልሂድ ወይስ ልተወው?" አለችኝ። በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለም፣ ውስጡ እውነት አለ፣ ከእውነቱ በላይ የተጋነነም አለ። ለሷ ቁጭ ብዬ ያስረዳኋትን ነው እዚህ የምጽፈው፣ ረዘም ይላል ግን ብር አውጥታችሁ መንገድ ከመግባታችሁ በፊት አንብቡት።

መጀመሪያ መርፌውን እንለይ፣ እኛ ሀገር መርፌ ሲባል መድሀኒት የሚገባበት ነው የሚመስለን። የአኩፓንክቸር መርፌ ቀዳዳ የለውም፣ ምንም አይገባበትም፣ ውፍረቱ ሩብ ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ ከፀጉር ጥቂት እጥፍ ወፈር ይላል በቃ። ሀሳቡ ዋግምት ወይም ህጃማም አይደለም፣ ደም አይወጣበትም። መነሻው ቻይና ነው፣ ከ2000 አመት በላይ የቆየ ነው፣ እነሱ ሰውነት ላይ ነጥቦች አሉ ብለው ስም ሰጥተዋቸዋል፣ ዛሬ የህክምና ጥናት የሚጠይቀው እዛ ነጥብ ላይ ሲወጋ ነርቩና ስጋው ምን ያደርጋል የሚለውን ነው።

ስቴም ሴል የሚባለው ገና ስራ ያልተመደበለት ሴል ነው በሉት። መቅኔ ውስጥ ያሉትን እንይ፣ ቀይ የደም ሴል 120 ቀን አካባቢ ነው የሚኖረው፣ መቅኔያችን ግን በየሰከንዱ 2 ሚሊዮን ያህል አዲስ እየሰራ ይተካል፣ ያን ሁሉ የሚወልዱት ስቴም ሴሎች ናቸው። ለጅማት ጉዳይ የሚጠቀሱት ግን ሌሎች ናቸው፣ ሜዘንካይማል ስቴም ሴል ይባላሉ፣ መቅኔ ውስጥም ጮማ ውስጥም ይገኛሉ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ወደ አጥንት፣ ወደ ለጋ አጥንት፣ ወደ ጮማ መለወጥ ይችላሉ። ስሙን በ1991 ያወጣው አርኖልድ ካፕላን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ነው፣ የሚገርመው ራሱ በ2017 ስሙ ይቀየር ብሎ ጻፈ፣ ምክንያቱም እነዚህ ሴሎች የተጎዳው ቦታ ሄደው ራሳቸው አዲስ ስጋ ከመሆን ይልቅ ዋና ስራቸው ምልክት መላክ ነው፣ እብጠቱን አብርዱ፣ ጠጋኞች ኑ፣ ደም ስር አብቅሉ እያሉ። ደቦ ጠሪ ማለት ናቸው፣ አዝመራውን የሚያጭዱት ሌሎቹ ናቸው። ይሄን ያዙልኝ፣ ምክንያቱም "ስቴም ሴሉ ጅማት ይሆንልሃል" የሚላችሁ ሰው እዚች ጋ ነው የሚስተው።

አሁን ወደ ጥናቱ። በ2017 ስቴም ሴልስ የሚባል መጽሄት ላይ የወጣ ነው፣ ብዙ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት፣ የአሜሪካው ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ከመሪዎቹ አንዱ ነው። ያደረጉት ኤሌክትሮ አኩፓንክቸር ነው፣ መርፌዎቹ ላይ ሽቦ ታስሮ ቀላል ኤሌክትሪክ የሚለቀቅበት። ሰው ላይ የተጠቀሙት ነጥቦች አራት ናቸው፣ አውራ ጣትና ሌባ ጣት መሀል ያለው ስጋ፣ ክርን ሲታጠፍ መስመሩ የሚያልቅበት የውጭ በኩል፣ አንገት ስር ከምትወጣው ትልቅ አጥንት ቀጥሎ ያለው፣ እና የጭንቅላት አናት። መርፌው የቆዳና የጡንቻ ነርቭ ይነካል፣ መልእክቱ አእምሮ ውስጥ ሃይፖታላመስ የሚባለው ጋ ይደርሳል፣ ከዛ ሲምፓቴቲክ የሚባለው ነርቭ (ስንደነግጥ ልባችንን የሚያስመታው ማለት ነው) ይነቃል፣ ከዛ በኋላ ሜዘንካይማል ሴሎቹ ደም ውስጥ ሲጨምሩ ታዩ። ሰው ላይ በዋናነት የመጡት ከጮማ ነው። የተረከዝ ጅማታቸው በከፊል የተቆረጠ አይጦች ላይ ደሞ ህመሙ ቀነሰ፣ ጅማቱም የተሻለ ተጠገነ፣ እብጠት የሚያበርደው ኢንተርሉኪን 10 የሚባለው ንጥረ ነገርም ደማቸው ውስጥ ጨመረ። ፕሮፕራኖሎል የሚባለውን መድሀኒት የተሰጣቸው አይጦች ላይ ግን ይሄ ጥቅም ጠፋ፣ ምክንያቱም መድሀኒቱ ያንኑ ነርቭ ነው የሚዘጋው።

ልዩነቱን ልብ በሉ። ሰው ላይ የታየው ሴሎቹ ደም ውስጥ መጨመራቸው ነው፣ ጅማት ሲጠገን የታየው አይጥ ላይ ነው። መሀሉ ላይ ገና ድልድይ አልተሰራም። እኔ በዚህ ጥናት በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ሰውነታችን የራሱ ጥገና ክፍል እንዳለውና በነርቭ በኩል ሊጠራ እንደሚችል ያሳያል፣ ግን ለታካሚዬ "ጅማትሽ ይበቅላል" ብዬ ቃል የምገባበት ነገር አይደለም።

ሌላም አለ፣ ይሄኛው ለኛ ሰው ቶሎ የሚገባ ነው። ሄለን ላንጅቪን የምትባል ሀኪም አሜሪካ ቬርሞንት ሆና ከ2001 ጀምሮ ባሳተመቻቸው ጥናቶች መርፌው ቆዳ ስር ገብቶ ሲሽከረከር ስጋውን የሚያያይዙት ክሮች መርፌው ላይ ይጠመጠማሉ፣ ልክ እናቶቻችን ጥጥ ሲፈትሉ ፈትሉ እንዝርቱ ላይ እንደሚጠመጠም። ክሩ ሲሳብ እዛ ያሉት ኮላጅን (የጅማት ክር የሚሰራበት ፕሮቲን ነው) የሚሰሩ ሴሎች ቅርጻቸውን ይቀይራሉ፣ ይሰፋሉ፣ መጎተቱን ይሰሙታል ማለት ነው። በ2010 ደሞ እዛው አሜሪካ ሮቼስተር ያሉ ተመራማሪዎች አይጥ ላይ መርፌው ዙሪያ አዴኖሲን የሚባል የራሳችን ህመም ማስታገሻ እንደሚጨምር አሳይተዋል፣ መርፌው ዝም ብሎ ሳይሆን እየተሽከረከረ ሲሰራ።

ሚዛኑን ለመጠበቅ ይሄንንም ልንገራችሁ፣ በ2007 ጀርመን ውስጥ የቆየ የወገብ ህመም ያለባቸው 1162 ሰዎች ላይ ተሞከረ። እውነተኛ አኩፓንክቸር ከተሰጣቸው 47.6 በመቶ ተሻላቸው፣ ነጥብ ባልሆነ ቦታ ላይ ላዩን የተወጉት 44.2 በመቶ፣ የተለመደውን መድሀኒትና እንቅስቃሴ ያገኙት ደሞ 27.4 በመቶ። ስለዚህ መወጋቱ ከተለመደው ህክምና በልጦ ታይቷል፣ ነጥቡ ትክክል ይሁን አይሁን ግን ብዙ ለውጥ አላመጣም። እኔ ከዚህ የምረዳው ትኩረቱ፣ ጋደም ማለቱ፣ ነርቩ መነካቱ፣ ተስፋው፣ ሁሉም ድርሻ እንዳላቸው ነው፣ "የኛ ነጥብ ሚስጥር ነው" ብሎ የሚያስከፍላችሁን ሰው ግን አትመኑት።

እሺ፣ አሁን ምን ታደርጋላችሁ።

ከሁሉ በፊት ጉዳቱ ምን እንደሆነ ይታወቅ። መርፌ ህመም ያስታግሳል፣ ህመም ሲታገስ ደሞ የተበጠሰ ነገር ይደበቃል፣ ይሄ ነው ትልቁ ፍራቻዬ። ስትሮጡ ወይ ስትዘሉ ከኋላ በድንጋይ የተመታችሁ የመሰላችሁ፣ ጧ የሚል ድምጽ የሰማችሁ፣ ከዛ በጣታችሁ ጫፍ መቆም ያቃታችሁ ከሆነ ይሄን ሞክሩ፦ በሆዳችሁ ተኝታችሁ እግራችሁ ከአልጋው ጫፍ ወጥቶ ይንጠልጠል፣ ሌላ ሰው ባታችሁን በእጁ ጨመቅ ያድርግ። ጤነኛ ከሆነ እግራችሁ ከቁርጭምጭሚት በታች ዘንበል ይላል። ንቅንቅ ካላለ ጅማቱ ሙሉ በሙሉ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፣ ቀጥታ ሆስፒታል፣ በዛው ቀን፣ መርፌም ማሸትም የለም። ሽማግሌዎቻችን ለወጌሻ ይሄዳሉ፣ እኔ ወጌሻ አከብራለሁ፣ የወለቀ ክንድ ሲመልሱ አይቻለሁ፣ ግን አዲስ የተቀደደ ጅማት በዘይት አጥብቆ ማሸት ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ አንድ የባጃጅ ሹፌር እንደዛ ሆኖ መጥቶ ከሶስት ሳምንት በኋላ ነው የደረስኩለት፣ በመጀመሪያው ቀን ቢመጣ ኖሮ እያልኩ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዛ የት እንደምትሄዱ። አዲስ አበባ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል የቻይና ሀኪሞች ቡድን የሚሰራበት ነው፣ አኩፓንክቸርም ይሰጣል። ከደሴ 400 ኪሎሜትር አካባቢ ነው፣ ቀኑን ሙሉ አውቶብስ ውስጥ እግር ታጥፎ መቀመጥ ለታመመ ተረከዝ ጥሩ አይደለም፣ መኪናው ሲቆም ሁሉ ውረዱና ትንሽ ተራመዱ። ህክምናው ደሞ አንድ ቀን ተወግቶ መመለስ አይደለም፣ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንዴ ወይ ሁለቴ ሆኖ ከስድስት እስከ አስር ጊዜ ነው፣ ስለዚህ እዛ የሚያሳርፋችሁ ዘመድ ከሌለ የአልጋውንና የምግቡን ወጪ አስቀድማችሁ አስሉት። እዚሁ ቅርባችሁ እሰራለሁ የሚል ካገኛችሁም ጥያቄዎቹ ያው ናቸው።

ጥያቄዎቹ ምንድናቸው፣ አንደኛ ፈቃድህን አሳየኝ በሉ፣ አትፈሩ፣ ነውር አይደለም። ሁለተኛ መርፌው ፊት ለፊታችሁ ከታሸገ ፓኬት ይከፈት፣ አንዴ ተጠቅሞ የሚጣል ይሁን። ይሄ ላይ ድርድር የለም። እኔ ራሴ ወገቤን ለማሳየት የሄድኩበት አንድ ቦታ መርፌ ከአልኮል ብልቃጥ ውስጥ ሲያወጣ አይቼ ልብሴን ለብሼ ወጣሁ፣ ሄፓታይተስ ቢን ለማጥፋት አልኮል ውስጥ መንከር አይበቃም፣ ኤችአይቪም አለ። ሶስተኛ፣ ያ የስቴም ሴል ጥናት የተሰራው በኤሌክትሪክ ነው፣ ባዶ መርፌ ብቻ ወግቶ "ስቴም ሴል አስነሳሁልህ" የሚል ሰው ጥናቱን አላነበበም። አራተኛ "ስቴም ሴል ፓኬጅ" ተብሎ በብዙ ሺህ ብር የሚሸጥ ነገር ካለ ተመለሱ። ስቴም ሴል በህክምና በደንብ የተረጋገጠ ቦታው የደም ካንሰርና የመሳሰሉት ላይ የሚደረገው የመቅኔ ንቅለ ተከላ ነው፣ ለጉልበትና ለተረከዝ እንደዛ የተረጋገጠ ነገር የለም።

እናንተም የምትናገሩት አለ፣ ባይጠይቋችሁም ተናገሩ። እርጉዝ ከሆንሽ ያ የአውራ ጣት መሀል ነጥብ በልማድ አይነካም፣ ገና ሁለት ሳምንት ቢሆንም ንገሪያቸው። ዋርፋሪን ወይ ሌላ ደም የሚያቀጥን መድሀኒት የሚወስድ፣ ደሙ ቶሎ የማይረጋ፣ ልቡ ላይ ምቱን የሚያስተካክል ፔስሜከር የሚባል መሳሪያ ያለው (እሱ ኤሌክትሪኩን ጭራሽ አይሞክረው)፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ስኳር ኖሮበት እግሩ የደነዘዘ ሰው። ፕሮፕራኖሎል የምትወስዱም ተናገሩ፣ ለልብ ምት፣ ለማይግሬን፣ ለእንቅርት ሊታዘዝላችሁ ይችላል። አይጦቹ ላይ ጥቅሙን አጠፋው አልኩ እንጂ አቁሙት አላልኩም፣ ይሄን መድሀኒት በድንገት ማቆም ልብ ላይ አደጋ አለው፣ እንኳን ለመርፌ ለምንም ተብሎ በራስ ውሳኔ አይቆምም።

ባዶ ሆድ አትሂዱ። ይሄ እኛ ጋ ትልቅ ነገር ነው ምክንያቱም ረመዳን አለ፣ ሁዳዴ አለ፣ ረቡዕና አርብ አለ፣ ሰው ከነጾሙ ይሄድና መርፌው ሲገባ ላብ በላብ ሆኖ ይወድቃል። ቀጠሮውን ከጾሙ ውጪ አድርጉት፣ ካልሆነም ተኝታችሁ እንጂ ተቀምጣችሁ አትወጉ። ጫትም በዛ ቀን ይቅር፣ የልብ ምትና ግፊት ይጨምራል፣ ምግብ ይዘጋል፣ ማታ ደሞ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሰውነት ዋና ጥገናውን ደሞ በእንቅልፍ ነው የሚሰራው። ህጃማ የምታደርጉ ካላችሁ በአንድ ቀን ሁለቱን አትደራርቡ።

መርፌው ሲገባ ትንኝ እንደነከሰ ይሰማችኋል፣ ከዛ የሚመጣው ድንዝዝ የሚያደርግ ክብደት፣ መጎተት ነገር ነው፣ ቻይናዎቹ ደ ቺ ይሉታል፣ እሱ ጥሩ ነው። እንደ እሳት የሚያቃጥል ወይ እስከ ጣት የሚነዝር ከሆነ ግን ነርቭ ተነክቷል፣ ወዲያው ተናገሩ። ኤሌክትሪኩ ጡንቻውን ቀስ አድርጎ ጠብ ጠብ ሊያደርገው ይችላል፣ ማሳመም የለበትም፣ ብዙ ሲጨመር ብዙ ስቴም ሴል ይመጣል የሚል ህግ የለም፣ ጨምርልኝ አትበሉ። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ነው የሚቆየው። አልፎ አልፎ ትንሽ ይበልዛል፣ ምንም አይደለም። ደረት ወይ የላይኛው ጀርባ ላይ ተወግታችሁ ከሰአታት በኋላ ትንፋሽ ካጠራችሁ ወይ ደረታችሁን ከወጋችሁ ግን ሳንባ ተነክቶ ሊሆን ይችላል፣ እምብዛም የሚያጋጥም አይደለም ግን ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው። ራሳችሁ ቤት ውስጥ በስፌት መርፌ እንዳትሞክሩ፣ ቪዲዮ አይቶ የሞከረ ልጅ አውቃለሁ፣ እጁ መግል ቋጠረ።

አሁን ዋናው፣ ብዙ ሰው የሚዘለው። ሴሎቹ ደም ውስጥ ቢበዙ እንኳ ጅማት ወዴት አቅጣጫ እንደሚሰራ የሚነግረው ጭነት ነው። ጅማት ሲጎዳ መጀመሪያ ቀናት ያብጣል፣ ከዛ ለሳምንታት የተዝረከረከ ክር ይደረድራል፣ ከዛ ያንን ክር በስርአት ማስተካከል ወራት እስከ አመት ይወስዳል፣ እና የሚስተካከለው በሚጎተትበት መስመር ነው። ሳይጎተት የዳነ ጅማት ደካማ ነው። ለዚህ የስዊድኑ ሀኪም አልፍሬድሰን በ1998 ያወጣው ልምምድ አለ፣ እኛ ጋ ደሞ የደጃፍ ደረጃ የሌለው ቤት የለም።

ደረጃው ጫፍ ላይ በእግራችሁ የፊት ክፍል ቁሙ፣ ግድግዳ ያዙ። በጤነኛው እግር ተረከዛችሁን ወደ ላይ አንሱ፣ ከዛ ክብደቱን ወደ ታመመው አዙሩና ቀስ እያላችሁ ተረከዙን ከደረጃው በታች አውርዱ። በጤነኛው መልሳችሁ ውጡ። 15 ጊዜ፣ አረፍ፣ እንደገና 15፣ እንደገና 15። ይሄ ጉልበት ቀጥ ብሎ ነው፣ ከዛ ጉልበት ትንሽ ታጥፎ ያንኑ ያህል። ጠዋትና ማታ፣ ለ12 ሳምንት። ህመሙ ተረከዙ አጥንት ላይ መጣበቂያው ጋ ከሆነ ከደረጃው በታች አታውርዱት፣ መሬት ላይ ይበቃል። ሲሰራ ትንሽ ማመሙ ችግር የለውም፣ በማግስቱ ጠዋት ከትላንቱ የበለጠ ካመማችሁ ግን ቀንሱ። የጅማቱ ቁስል አዲስ ከሆነ ወይ የተሰፋ ከሆነ ግን ሀኪማችሁ ሳይፈቅድ አትጀምሩ። መርፌ በምትወጉበት ቀን ልምምዱን ጠዋት ጨርሱት፣ ህመሙ በመርፌ ደንዝዞ ሳለ ከልክ በላይ መጫን ቀላል ነው።

ምግቡን አትናቁት። ኮላጅን ያለ ቫይታሚን ሲ አይሰራም፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ብርቱካን፣ ፓፓያ፣ ዘይቱን፣ ኮምቦልቻ ገበያ ላይ የሚጠፉ አይደሉም። ፕሮቲን ደሞ ከእንቁላልና ከወተት፣ በጾም ከሆነ ሽሮውን ወፈር፣ ምስርና ባቄላውን ጨመር። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ጅማቱ ይዘገያል፣ ስኳሩን ያልተቆጣጠረም እንደዛው፣ መርፌ ይሄን አያካክስም።

ደብተር ይኑራችሁ። ጠዋት ከአልጋ ስትነሱ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ህመም ከ10 ስንት ነው፣ እግራችሁ ለመፍታታት ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ በታመመው እግር ብቻ ቆማችሁ ስንቴ በጣት ጫፍ መነሳት ቻላችሁ። ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ጻፉት፣ ከስድስተኛው በኋላ አመዛዝኑት። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ አቁሙ፣ ሰባተኛው ላይ ይመጣል እያላችሁ ብር አታፍስሱ፣ ደረጃውን ግን አታቁሙ።

ያቺ የኮምቦልቻዋ ልጅ አዲስ አበባ አክስቷ ጋ አርፋ ስድስት ጊዜ ተወጋች፣ ደረጃውንም እዛው እየሰራች። ስትሄድ ጠዋት እግሯ እስኪፈታታ ወደ 40 ደቂቃ ይፈጅባት ነበር፣ አሁን 12ኛ ሳምንቷ ላይ ነች፣ ደብተሯ ላይ 5 ደቂቃ ይላል። መርፌው ነው ደረጃው ብላ ጠየቀችኝ፣ በአንድ ሰው መለየት አይቻልም አልኳት። በዚህ ሳምንት 5 ኪሎ ጤፍ ጀርባዋ ላይ በቦርሳ አድርጋ ደረጃውን እንድትወርድ ነው ያዘዝኳት።